የርጋፊ መበስበስና የሻይ ከረጢቱ፦ ስለ ቀላልና ወጥ የአፈር መለኪያዎች

ከዛፍ የሚወርድ ቅጠል፣ የተሰበረ ቀንበጥ፣ ከአጨዳ በኋላ በማሳ ላይ የሚቀር ገለባና አገዳ፣ በመሬት ውስጥ የሞተ ሥርም ጭምር በዚህ ዲስኩር «የዕፅዋት ርጋፊ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። ርጋፊ አፈር ላይ ሲያርፍ ወይም አፈር ውስጥ ሲገባ ሦስት ነገር ይገጥመዋል፤ ውሃ በቀላሉ የሚሟሟውን ክፍል አጥቦ ይወስድበታል፣ ከምድር ትል እስከ ምስጥ ያሉ የአፈር እንስሳት ይቆራርጡታል፣ ባክቴሪያና ፈንገስ ደግሞ ኢንዛይም የተባሉትን ፕሮቲኖች እያመነጩ ረጃጅሞቹን የካርቦን ሰንሰለቶች በጥሰው ይመገቡታል። መበስበስ የሚባለው የእነዚህ የሦስቱ ድምር ነው። በዚህ ሂደት በቅጠሉ ውስጥ ታስረው የነበሩት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተፈትተው ለአዲስ ሥር ሲደርሱ፣ ካርቦኑ ለሁለት ይከፈላል፤ አብዛኛው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ወደ አየር ይመለሳል፣ የቀረው ከሸክላ ቅንጣቶች ጋር ተጣብቆ ወይም ተሕዋስያን በቀላሉ ወደማይፈቱት ውሁድ ተለውጦ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለብዙ ዘመናት በአፈር ውስጥ ይቆያል። በዓለም አፈር ላይኛው አንድ ሜትር ውስጥ የተከማቸው ካርቦን በከባቢ አየርና በሕያዋን ዕፅዋት ካለው ድምር እንደሚበልጥ ሲታሰብ፣ የመበስበስ ፍጥነት ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ከአንድ ገበሬ ማሳ አልፎ የአየር ንብረት ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።

ይህን ፍጥነት ለማወቅ ከሚታሰበው ሁሉ ቀላሉ መንገድ ቅጠልን መዝኖ ማስቀመጥና ከጊዜ በኋላ አንሥቶ እንደገና መመዘን ነው፤ ይሁንና ቅጠሉ ከአፈርና ከሌላ ቅጠል ጋር ስለሚቀላቀል የተመዘነውን ለይቶ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የመጣው «የርጋፊ ከረጢት» ነው፤ ይኸውም ከማይበሰብስ መረብ ተሰፍቶ፣ ክብደቱ የታወቀ ደረቅ ቅጠል ተጨምሮበት የሚታሸግ ትንሽ ቦርሳ ሲሆን፣ ለአጠቃቀሙ መስፋፋት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቦኮክና ጊልበርት በብሪታንያ ደኖች ላይ ሠርተው በ1957 ያሳተሙት ጥናት ነው (በዚህ ዲስኩር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከስድስት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ጄሪ ኦልሰን በየጊዜው የሚጠፋው መጠን በዚያ ጊዜ ከቀረው መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው ከሚለው ሐሳብ ተነሥቶ አንድ ቀላል ቀመር አቀረበ፤ በዚህ ቀመር የመበስበስ ፍጥነት በአንድ ቁጥር ይገለጻል፣ ቁጥሩ በዓመት 1 ከሆነ ለምሳሌ የቅጠሉ ግማሽ በስምንት ወር ገደማ ያልቃል፣ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ደግሞ በሦስት ዓመት ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ የመስኩ ተመራማሪዎች ለሥራቸው ውጤት ይህን ቁጥር መደበኛ ቋንቋ አድርገውታል።

ከረጢቱ ግን የራሱን ተጽዕኖ ይዞ መጣ። ኤድዋርድስና ሂዝ በእንግሊዙ የሮታምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ የባሉጥና የቢች ቅጠል ቁራጮችን የመረብ ቀዳዳቸው ከ7 ሚሊ ሜትር እስከ 0.003 ሚሊ ሜትር በሆኑ ከረጢቶች አድርገው ሲቀብሩ፣ የምድር ትል የሚገባበት ሰፊ ቀዳዳ ያለው ከረጢት ቅጠሉን ቶሎ አጣ፤ ከተሕዋስያን በስተቀር ማንም በማይገባበት በጠባቡ ከረጢት ውስጥ ያለው ቅጠል ግን ከወራት በኋላም ለዐይን የሚታይ ለውጥ አላሳየም። በ1963 የታተመው ይህ ሙከራ ዛሬም የሚጠቀሰው ስለ ትል ብቻ ስላስተማረ አይደለም፤ የመረቡን ቀዳዳ ስፋት ያልገለጸ የመበስበስ ቁጥር ምን እንደሚያመለክት እንደማይታወቅ በግልጽ ስላሳየ ነው።

ችግሩ ከመረቡም ይሰፋል። አንዱ ተመራማሪ የጥድ መርፌ ቅጠል፣ ሌላው የባሉጥ፣ ሦስተኛው የስንዴ ገለባ ይቀብራል፤ አንዱ በመሬት ላይ ያነጥፈዋል፣ ሌላው 10 ሴንቲ ሜትር ይቆፍራል፤ አንዱ በስድስት ወር፣ ሌላው በሁለት ዓመት ያነሣዋል። እያንዳንዱ ጥናት በራሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሁለቱን አስቀምጦ «ከእነዚህ አፈሮች የትኛው ርጋፊን ፈጥኖ ያበሰብሳል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን መልስ የለም፤ በውጤቶቹ መካከል ያለው ልዩነት የአፈሩ ይሁን የቅጠሉ፣ የጥልቀቱ ይሁን የጊዜው መለየት አይቻልምና። ይህን ለመፍታት በ1990 በሰሜንና በመካከለኛው አሜሪካ ከዋልታው አካባቢ እስከ ሐሩር ደን በተዘረጉ ጣቢያዎች ተመሳሳይ ቅጠሎች ለዐሥር ዓመት የተቀመጡበት ጥናት፣ በ1992 ደግሞ በካናዳ ለዐሥራ ሁለት ዓመት የዘለቀ ሌላ ጥናት ተጀመረ። ሁለቱም ሳይንሱን ብዙ አስተምረዋል፤ ነገር ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ከረጢቶችን በእጅ ሰፍቶ፣ ቅጠሉን ከአንድ ምንጭ ሰብስቦና አድርቆ፣ በመርከብና በአውሮፕላን ልኮ ለዐሥር ዓመት መከታተል ጥሩ ገንዘብና ብዙ እጅ ላላቸው ተቋማት ብቻ የሚሆን ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው አሳብ በሥነ ምኅዳር ጥናት ውስጥ ቀላል ቢመስልም ጠለቅ ያለ ነው። የመበስበስን ፍጥነት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች መሆናቸውን ስዊፍት፣ ሂልና አንደርሰን በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው አስረድተዋል፤ እነርሱም አካባቢው (ሙቀት፣ እርጥበት፣ አየር፣ የአፈር ኬሚካዊ ባሕርይ)፣ የሚበሰብሰው ነገር ጥራትና አበስባሾቹ ሕያዋን ናቸው። ከሦስቱ አንዱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት እንዲሆን ከተደረገ የቀሩት ሁለቱ ይታያሉ። እንግዲህ በዓለም ዙሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት «ቅጠል» ከተቀበረ፣ ልኬቱ ስለዚያ ቅጠል የሚነግረን ነገር ይቀንሳል፤ ስለ ቦታው የሚነግረን ግን ይበዛል። ወጥ ዘዴ ማለት በዚህ ረገድ ዕውቀትን በዕውቀት የመለወጥ ስምምነት ነው፤ የአካባቢው ዛፍ ቅጠል እንዴት እንደሚበሰብስ ማወቅ ይቀራል፣ በምትኩ አንዱን አፈር ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይገኛል። በኋላ የሚመጡት ስሕተቶች ይህን ስምምነት በግልጽ ካለማስታወስ ይነሣሉ።

ከዩትሬኽት ዩኒቨርሲቲ ዮስት ኮይስካምፕና ባልደረቦቹ በ2013 ያቀረቡት ሐሳብ ብልሃቱ ያለው፣ አንድ ዓይነት ቅጠል በአንድ ዓይነት መረብ ታሽጎ በአንድ ዓይነት ክብደት ተመዝኖ በብዙ አገር ሱቆች ውስጥ ተደርድሮ እንደሚገኝ ማስተዋሉ ላይ ነው፤ ይኸውም የከረጢት ሻይ ነው። «የሻይ ከረጢት መለኪያ» ተብሎ የተሰየመው ይህ ዘዴ ሁለት ዓይነት ሻይ ይጠቀማል። አንዱ አረንጓዴ ሻይ ሲሆን በናይትሮጅን የበለጸገ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ከአንድ እጅ ናይትሮጅን ጋር ያለው ካርቦን ዐሥራ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። ሌላው በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ተራሮች የሚበቅለው፣ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነው የሩይቦስ ቁጥቋጦ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ከአንድ እጅ ናይትሮጅን ጋር ያለው ካርቦን ወደ አርባ ሦስት እጅ ይደርሳል፣ ግንድና ቅጠልን የሚያጠነክረው ሊግኒን የተባለው ውሁድም ስለሚበዛበት ቀስ እያለ ይበሰብሳል። አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ መሆናቸው የዘዴው መሠረት ነው።

አሠራሩ ለትምህርት ቤት ተማሪም የሚቸግር አይደለም፤ ሆኖም እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት ስላለው እንደ ተራ መመሪያ ሊታለፍ አይገባም። በውስጡ ሁለት ግራም የሚጠጋ ሻይ የያዘው ባለ መረብ ከረጢት መቶኛ ግራምን በሚለይ ሚዛን ይመዘናል፤ ከዚህ ላይ ባዶው መረብ፣ ክሩና የወረቀት ምልክቱ የሚመዝኑት ይቀነሳል፣ ስለዚህ ጥቂት ከረጢቶች አስቀድመው ተቀድደው ባዶ ክብደታቸው መታወቅ አለበት። በምልክቱ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል። ከዚያ ሁለቱ ሻዮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጉድጓድ፣ ሳይነካኩ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይቀበራሉ፤ ይህ ጥልቀት የተመረጠው የላይኛው የአፈር ንብርብር ተሕዋስያንና ሥር የሚበዙበት በመሆኑና ከፀሐይ ቀጥተኛ ሙቀት የተጠበቀ በመሆኑ ነው። የምልክቱ ጫፍ ከአፈር በላይ ይታያል፤ አጠገቡ እንጨት ይተከላል፣ ምክንያቱም ከሦስት ወር በኋላ የጠፋ ከረጢት መፈለግ ከዘዴው ሁሉ አድካሚው ክፍል ነው። ዘጠና ቀን ሲሞላ ይወጣሉ፤ የተጣበቀው አፈርና የገባው ሥር በጥንቃቄ ይጠረጋል፣ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ48 ሰዓት ይደርቃሉ፣ ይመዘናሉ። ከዚህ በላይ ማሞቅ የቅጠሉን ኬሚካዊ ባሕርይ ስለሚለውጥ አይመከርም፤ በጣም ጭቃማ አፈር ላይ ደግሞ የቀረውን ሻይ በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ አመዱን መመዘን ያስፈልጋል፤ ወደ መረቡ የገባ ጭቃ የሻይ ክብደት መስሎ እንዳይቆጠር ይህ ብቻ ዋስትና ይሰጣል።

ሒሳቡ ሁለት ቁጥር ያወጣል። የመጀመሪያው «የመርጋት ምጣኔ» ሊባል የሚችለው ነው። በቤተ ሙከራ ሲታይ ከአረንጓዴው ሻይ ክብደት 0.842 ያህሉ በአሲድ የሚፈታ፣ ማለትም በመርሕ ደረጃ ለተሕዋስያን የሚመች ክፍል ነው፤ በሩይቦስ ይህ ክፍል 0.552 ነው። አረንጓዴው ሻይ በዘጠና ቀን የሚመቸውን ክፍሉን ጨርሶ ፍጥነቱ እንደሚቆም ይታሰባል፤ ስለዚህ በእርግጥ የጠፋው መጠን ከሚጠበቀው 0.842 ካነሰ፣ ልዩነቱ ሊበሰብስ ይችል የነበረ ነገር በአካባቢው ሁኔታ ተይዞ ወይም ወደ ጠንካራ ውሁድ ተለውጦ መቅረቱን ያመለክታል። ሁለተኛው ቁጥር የመበስበስ ፍጥነት ነው፤ እርሱም በዘጠና ቀን ገና በመበስበስ ላይ ካለው ከሩይቦስ ይሰላል፣ ነገር ግን ሩይቦስ እስከ የት ድረስ ሊበሰብስ እንደሚችል የሚታወቀው ከአረንጓዴው ሻይ የተገኘውን የመርጋት ምጣኔ በመዋስ ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር ቢሰጥ፣ 1.80 ግራም የነበረው አረንጓዴ ሻይ 0.70 ግራም ሆኖ ቢገኝ የጠፋው 0.61 እጅ ነው፤ ይህ ለ0.842 ሲካፈልና ከአንድ ሲቀነስ የመርጋት ምጣኔው 0.27 ይሆናል። በዚህ ምጣኔ መሠረት ከሩይቦስ ሊበሰብስ የሚችለው 0.552 ሳይሆን 0.40 ያህሉ ነው ማለት ነው። ሩይቦሱ በዘጠናኛው ቀን ከመጀመሪያ ክብደቱ ሦስት አራተኛው ቀርቶት ቢገኝ የመበስበስ ፍጥነቱ በቀን 0.011 ገደማ ይወጣል። ሩይቦሱ 0.58 እጁ ብቻ ቀርቶ ቢገኝስ? ቀመሩ ቢያንስ 0.60 ያህሉ ሊቀር ይገባል ስለሚል ከአሉታዊ ቁጥር ላይ ሎጋሪዝም ማውጣት ይጠይቃል፤ ይህም አይቻልም። ቀመሩ መልስ ያጣበት ይህ ቦታ ተራ የሒሳብ እንቅፋት አለመሆኑ ከታች ይታያል።

ዘዴው በፍጥነት ተሠራጨ። ኢካ ጁኪችና ብዙ ተባባሪዎቿ በ2018 ባሳተሙት ሥራ በዘጠኝ ዐይነት የሥነ ምኅዳር ቀጠና፣ በ336 ቦታዎች ለሦስት ወር የተቀበሩ የሻይ ከረጢቶችን አነጻጸሩ፤ ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። በመላው ዓለም ከታየው የክብደት መቀነስ ልዩነት 65 ከመቶውን የገለጸው የሻዩ ዐይነት ነው፤ የአየር ንብረት ግን ለአረንጓዴው ሻይ ከመቶ 0.5 ያህሉን፣ ለሩይቦስ ደግሞ ከመቶ 5 ያህሉን ብቻ ገለጸ። ይህን ያነበበ ሁሉ ሙቀትና ዝናብ ለመበስበስ ዋጋ የላቸውም ብሎ እንዳይደመድም የሚያደርግ አንድ ነገር አለ፤ የአረንጓዴው ሻይ ግማሽ የሚጠጋው በውሃ የሚሟሟ ነው፤ ማለትም ሻይ ሲፈላ ወደ ብርጭቆው የሚወጣው ነገር በአፈር ውስጥም በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ይወጣል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በከፊል የመታጠብ ወራት ናቸው፤ የሙቀትና የእርጥበት ልዩነት ሙሉ ኀይሉን የሚያሳየው በኋለኛው፣ ሊግኒን በሚበሰብስበት ዘገምተኛ ጊዜ ነው። ዩዲት ሳርኔልና ባልደረቦቿ ከ36,000 የሻይ ከረጢት የተገኘ መረጃ ይዘው በ2024 ያወጡት ጥናት ደግሞ በጥቅሉ ሲታይ ፍጥነትና መርጋት በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ፣ ነገር ግን በእርሻ መሬት ላይና ሙቀትና እርጥበት በአንድነት በሚሠሩበት ሁኔታ፣ በተለይም በቀዝቃዛ ቦታዎች፣ ይህ ግንኙነት እንደሚላላ አሳየ። ቶሎ የሚበሰብስበት አፈር ሁሉ ካርቦኑን ሁሉ ያባክናል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ይህም ለአፈር ጥበቃ ሥራ ከቀላል ነገር የሚቆጠር አይደለም።

ትችቱም ጠንካራ ነው፣ መደመጥም ይገባዋል። ከአረንጓዴ ሻይ የተገኘው የመርጋት ምጣኔ ለሩይቦስም ይሠራል የሚለው ግምት ሁለት ባሕርያቸው የተለያየ ቅጠሎችን በአንድ ሕግ ያስራል፤ በጃፓን የተካሄዱ ተከታታይ ሙከራዎች ከረጢቶቹን በየጊዜው እያወጡ ሲመዝኑ ግምቱ በብዙ ሁኔታ እንደማይጸና አሳይተዋል። ከላይ የተጠቀሰው የሎጋሪዝም እንቅፋትም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ሞቃትና እርጥብ በሆነ አፈር ሩይቦስ በዘጠና ቀን ውስጥ የሚጠበቅበትን አልፎ ይሄዳል፣ በቀዝቃዛው ደግሞ አረንጓዴው ሻይ ገና ሥራውን አልጨረሰም። እንደ ሚዛናዊ ፍርድ ከተወሰደ፣ የዘዴው ጠንካራ ጎን ቀመሩ ሳይሆን ልኬቱ ነው፤ በአንድ ዓይነት ከረጢት፣ በአንድ ጥልቀት፣ በአንድ ጊዜ ውስጥ የጠፋው ክብደት በራሱ የታመነ መረጃ ስለሆነ፣ ፍጥነትንና መርጋትን የሚያሰላ ሰው የጥሬ ክብደቱን መቀነስ ሳይዘግብ መተው የለበትም።

ሌሎች ቀላል ዘዴዎችም አሉ፤ እያንዳንዱ የሚጠይቀው ጥያቄ የተለየ ነው። ከ1977 ጀምሮ በሰፊው የታወቀው የጥጥ ጨርቅ ዘዴ አንድ ቁራጭ ያልተቀለመ የጥጥ ጨርቅ ቀብሮ ከጊዜ በኋላ ለመቀደድ የሚያስፈልገውን ኀይል ይለካል፤ ጥጥ ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ሴሉሎስ፣ ማለትም የዕፅዋት ሴል ግድግዳ ዋና ክር ስለሆነና ናይትሮጅን ስለሌለው፣ ተሕዋስያን ጥጡን ለመብላት ናይትሮጅኑን ከአፈሩ መውሰድ አለባቸው፤ ስለዚህ ቶሎ የሚያረጅ ጨርቅ የናይትሮጅን ችግር የሌለበት አፈር ምልክት ሊሆን ይችላል። በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ገበሬዎች አዲስ የጥጥ የውስጥ ሱሪ ቀብረው ከሁለት ወር በኋላ ላስቲኩ ብቻ መቅረቱን እያሳዩ የአፈራቸውን ጤንነት ያሳዩበት ዘመቻ ከዚሁ የመነጨ ነው፤ በስዊዘርላንድ የአግሮስኮፕ የምርምር ተቋምና የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ሕዝቡን አስተባብረው 2,000 የውስጥ ሱሪዎችን ከሻይ ከረጢቶች ጋር አስቀብረዋል። ለሳቅ የቀረበ ቢመስልም ብዙ ሺህ ሰው አፈርን እንዲመለከት ማድረጉ የማይናቅ ነው። ሌላው የማጥመጃ ስንጥር ዘዴ ሲሆን፣ 16 ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ቀጭን የፕላስቲክ ስንጥር በሴሉሎስ፣ በፉርሽካና በከሰል ድብልቅ ተሞልቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ይተከላል፤ በኋላ ስንት ቀዳዳ እንደ ተበላ ይቆጠራል። ይህ በዋነኛነት የትናንሽ የአፈር እንስሳትን የመመገብ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ሲሆን፣ በ2016 በቁጥር 18311 ዓለም አቀፍ የደረጃ ሰነድ ወጥቶለታል።

ስለ ኢትዮጵያ ሲታሰብ የእነዚህ ዘዴዎች ርካሽነት ከሌላው አገር ይልቅ ትርጉም ያገኛል። በደጋውና በወይና ደጋው የጤፍና የስንዴ ጭድ ለከብት ይውላል ወይም ለጭቃ ቤት ምርጊት ይገባል፣ ኩበት ለማገዶ ይነዳል፣ ስለዚህ ወደ አፈር የሚመለሰው ርጋፊ ትንሽ ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር ምን ያህል ቶሎ ወደ ሰብል እንደሚመለስና ምን ያህሉ በአፈር እንደሚቀር ማወቅ ለማዳበሪያ ዕቅድ ጠቃሚ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የርጋፊ ከረጢት ጥናት አዲስ አይደለም፤ በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ሦስት የተተከሉ ደኖችን ከአንድ ተፈጥሯዊ ደን ጋር አነጻጽሮ የርጋፊውን መጠንና የንጥረ ነገር መለቀቅ ለክቷል። ብሳና፣ ዋንዛና ብርብራ ቅጠላቸው በቶሎ ለአፈር እንደሚመለስ ገበሬው ያውቃል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይትና በታኒን የተሞላ ስለሆነ ቀስ ይላል። ነገር ግን የሻይ ከረጢት ስለ እነዚህ ቅጠሎች ምንም አይናገርም፤ ብሳናና ባሕር ዛፍን ማነጻጸር የፈለገ ሰው የራሱን ከረጢት መስፋት አለበት። የሻይ ከረጢቱ የሚያገለግለው በአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥና ከቅጥሩ ባሻገር ባለው ማሳ መካከል፣ ወይም በቆላ፣ በወይና ደጋና በደጋ መካከል ያለውን የአፈር ልዩነት ለመመርመር ነው፤ በአንድ ተራራ ገጽ ላይ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ሙቀቱ በብዙ ዲግሪ የሚለያይባት አገር ለዚህ ንጽጽር ምቹ ናት።

በዚህ አገር የዘጠና ቀኑ ገደብ መቼ እንደሚጀምር መወሰን ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ሐምሌ 1 የተቀበረ ከረጢት ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት ዘጠናኛው ቀኑ መስከረም 26 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን የረሳ ተመራማሪ አምስት ቀን ይስታል። ይህ ከረጢት የክረምቱን ዝናብ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀበል ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከተቀበረው ጋር ሊነጻጸር አይችልም፤ በበጋ ደረቁ አፈር ተሕዋስያኑን ያንቀላፋቸዋል፣ ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥር የአፈሩን ድህነት ሳይሆን የውሃውን እጥረት ያሳያል። ዋልካ በተባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማል፤ በክረምት ውሃ ተኝቶበት አየር ስለሚያጣ መበስበስ ሊዘገይ ይችላል፣ በበጋ ደግሞ ሲሰነጠቅ ከረጢቱ በስንጥቁ ውስጥ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። የምስጥ ጉዳይም አለ። ቀዳዳው 0.25 ሚሊ ሜትር የሆነው የሻይ መረብ ጥቃቅኖቹን እያስገባ ምስጥንና የምድር ትልን ያግዳል፤ ምስጥ በበዛበት በወለጋ ምድር ርጋፊን በዋናነት የሚሰበስበው ምስጥ ከሆነ፣ መለኪያው ከአካባቢው መበስበስ ትልቁን ድርሻ ሳያይ ያልፋል። ምስጥ መረቡን ቦርቡሮ ከገባ ደግሞ በዚያ ከረጢት የሚገኘው ቁጥር ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሊቆጠር አይገባም፤ ከመመዘኑ በፊት መረቡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቁሳቁሱን በተመለከተ፣ በአገር ውስጥ ገበያ በብዛት የሚገኘው የከረጢት ሻይ በወረቀት ከረጢት የታሸገ ነው፤ ወረቀቱ ራሱ ከዕፅዋት ክር የተሠራ ስለሆነ ከሻዩ ጋር ይበሰብሳል፣ ለዚህ ሥራም አይሆንም። ሩይቦስ ደግሞ ከውጭ ካልመጣ አይገኝም። ለትምህርት ቤትና ለግብርና ልማት ጣቢያ የሚቀለው አማራጭ ያልተቀለመ አቡጀዴ በእኩል መጠን ቆርጦ መጠቀም ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ከሻይ ከረጢት ቁጥር ጋር አይነጻጸርም፣ ነገር ግን በአንድ ወረዳ ውስጥ ያሉ ማሳዎችን እርስ በርስ ለማነጻጸር ይበቃል፣ የሚፈለገውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በንግድ ዕቃ ላይ የተመሠረተ መለኪያ ያለበት አደጋ፣ ማለትም አምራቹ ዕቃውን ሊለውጠው መቻሉ፣ ግን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። የዘዴው መመሪያ የሚገዛው ሻይ በምርት መለያ ቁጥሩ እንዲለይ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ለዘዴው የተመረጠውን ሻይ የሚያመርተው ድርጅት ከ2013ቱ ጥናት ጥቂት ዓመታት በኋላ የመረቡን ዐይነት ቀይሯል፤ የተሸመነው መረብ ባልተሸመነ ሲተካ የቀዳዳው ቅርጽ ስለሚለወጥ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተሰበሰቡ ውጤቶችን አንድ ላይ ለማድረግ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ስለዚህ በየጊዜው ከሚገዛው ሻይ ከእያንዳንዱ ሳጥን ጥቂት ከረጢቶችን ሳይቀብሩ፣ እርጥበት እንዳይገባባቸው በታሸገ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሻዩ ከአየር የያዘውን እርጥበት ለመቀነስ ከእነርሱ ሁለት ሦስቱን በ70 ዲግሪ አድርቆ የመጀመሪያውን ክብደት ማስተካከል፣ የሳጥኑን ቁጥር፣ የተገዛበትን ቀን፣ የመረቡን ዐይነትና የአፈሩን የሚታይ ሁኔታ ከየከረጢቱ ቁጥር ጋር በአንድ መዝገብ ማስፈር የሥራው አካል ሆኖ መቆጠር አለበት።